የሠርግ ዝግጅትና የነጋዴ ደብተር

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወራት በየዓመቱ እኩል ርዝመት የለውም። የ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 9 ቀን ሲሆን፥ የ2019 ዓ.ም. የካቲት 29 ቀን ነው። እንግዲህ ከጥር 12 ቀን ተነሥቶ ለሚቈጥር ሰው በመጀመሪያው ዓመት 27 ቀን፥ በሁለተኛው ዓመት 47 ቀን ይገኛል፤ እሑዶቹ ብቻ ቢቈጠሩ በመጀመሪያው 4፥ በሁለተኛው 7 ናቸው። በነቀምት፥ በጊምቢ፥ በነጆና በቢላ የሚገኙት ድንኳን አከራዮች፥ ወጥ ሠሪዎች፥ ፎቶግራፍ አንሺዎች፥ የመኪና ባለንብረቶች፥ የለስላሳ መጠጥ አከፋፋዮችና ባለሱቆች ሁሉ ለሠርግ አብዝተው የሚፈለጉት በእነዚሁ ጥቂት እሑዶች ነው።

ይህ ጊዜ ለነጋዴው የገበያ ወራት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሠርግ በሥርዐት ሳይዘጋጅ ሲቀር ጉዳቱ በባለሠርጉ ቤት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ዘግይቶ የመጣ ገዢ ያገኘውን ዕቃ በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፤ ገንዘቡ ሲያልቅበት በዱቤ ይወስዳል፤ ዱቤው ሲከማች አዲሶቹ ባልና ሚስት ትዳራቸውን በዕዳ ይጀምራሉ፤ ባለሱቁም ገንዘቡ በደንበኛው እጅ ስለ ታሰረበት ለሚቀጥለው ወር ሸቀጥ የሚያመጣበት ያጣል። ስለዚህ የሠርግ አሰናዳድ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው።

ችግሩ የስንፍና አይደለም

ሥራውን በቅደም ተከተል መያዝ የማይሆንለት ሰው በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ለጋሥ፥ ሰው ወዳድ፥ በሙያውም የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቀጠሮ ይረሳል፤ የጻፈው ወረቀት ይጠፋበታል፤ ነገ ይደርሳል ያለው ነገር ሳምንት ያልፈዋል። ልጁን ለመዳር በተነሣ ጊዜም ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ከፊቱ ስለሚደቀንበት ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። የሚጀምርበት ስለሚያጣ ያዘገያል፤ ስለሚያዘገይም ይበልጥ ይጨነቃል።

በዚህ ነገር ግን እርሱ ብቻውን አይደለም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሆኑት ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው አንድ ሥራ የሚወስድበትን ጊዜ በሚገምትበት ጊዜ አሳንሶ የመገመት ልማድ እንዳለው አስረድተዋል። ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ይህንኑ በካናዳ ተማሪዎች ላይ መረመረ። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በ34 ቀን ያህል እንጨርሳለን ብለው ሲገምቱ፥ በአማካይ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ሆኖ ተገኘ። ገማቹ የሚያስበው ነገሩ ሁሉ እንደ ሐሳቡ ሲሄድለት ነው፤ የሚታመመውን ሰው፥ የሚበላሸውን መኪና፥ የሚጠፋውን መብራት አይቈጥርም።

ከዚህ ጥናት ለባለሠርግ የሚጠቅም አንድ ምክር ይወጣል። ሥራው ስንት ቀን እንደሚወስድ ባለጉዳዩ ራሱን ከሚጠይቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት ልጁን የዳረ ጎረቤቱን ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ጎረቤቱ የሚነግረው ተስፋውን ሳይሆን ያየውን ነውና።

ዕድር የሚያስተምረው

ሥርዐት የጎደለው ሰው የሚያውቀው፥ ነገር ግን ልብ ያላለው አንድ ትልቅ ትምህርት በየሰፈሩ አለ። ይኸውም ዕድር ነው። ሞት ያለ ቀጠሮ ይመጣል፤ የሦስት ወር መዘጋጃም አይሰጥም። ሆኖም በቢላም ሆነ በነቀምት አንድ የዕድር አባል ባረፈ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ድስቱና ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ እንጀራውም ከየቤቱ ይመጣል። ሐዘንተኛው ምንም አላዘጋጀም፤ ነገር ግን የጎደለበት ነገር የለም።

በጥቂት ሰዓት የሚሆነው ነገር በሦስት ወር ያቃተበት ምክንያት ምንድን ነው? ዕድር የሚሠራው አስቀድሞ በተደለደለ ሥራ ስለ ሆነ ነው። የዕቃ ቤቱን ቍልፍ የያዘ ሰው አለ፤ የአባላቱን ስም የሚጠራ ጸሓፊ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ የቀረ ሰው የሚቀጣው ቅጣት በደንቡ ተጽፏል። ማንም ሰው «ይህን ማን ያድርገው» ብሎ አይጠይቅም። በሠርግ ዝግጅት ግን ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ለመርዳት ይነሣል፤ ሆኖም የማን ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ስላልተነገረው እያንዳንዱ ሌላው አድርጎታል ብሎ ይቀመጣል።

ልማድ የያዘውና ገበያ የያዘው

በወለጋ የሠርግ ሥርዐት ውስጥ ልማድ አጥብቆ የያዘው ክፍል ዛሬም ራሱን ችሎ ይሄዳል። ልጅቱን የሚጠይቁት ሽማግሌዎች፥ ኦሮሞው ጃርሳ የሚላቸው፥ ማን ማን እንደሚሆኑ ይታወቃል፤ እንዴት ገብተው ምን ብለው እንደሚናገሩም ያውቁታል። ሚንጄ የሚባለው ሚዜ ከሙሽራው ጎን እንደማይለይ፥ ሙሽራውን አጅበው የሚሄዱት ሃማሞታም ተራቸው የት እንደ ሆነ ያውቃሉ። ጩምቦውን በቅቤ የሚያርሱት፥ አንጮቴውን የሚቀቅሉት፥ ቡና ቀላውን የሚያዘጋጁት እናቶች ሥራውን የተማሩት ከእናቶቻቸው ነው። ለዚህ ሁሉ ደብተር አያስፈልግም።

የሚሰናከለው ከገበያ የሚመጣው ክፍል ነው። ቀድሞ እህሉ ከጎተራ፥ ማሩ ከቀፎ፥ ቅቤው ከጓዳ፥ ዳሱም ከዱር ከተቈረጠ እንጨት ይገኝ ነበር። ዛሬ በከተማ የሚኖር ባለሠርግ ድንኳኑን ይከራያል፤ ለስላሳ መጠጡን ከአከፋፋይ ያዝዛል፤ የሙሽራዪቱን ልብስ ከነቀምት ወይም ከእርስዋ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ የጥሪ ካርድ ያሳትማል፤ የድምፅ መሣሪያና ጀነሬተር ይዋዋላል። ለእነዚህ ነገሮች ልማድ ባለቤት አልሾመላቸውም። ስለዚህ ባለሠርጉ ጥንቃቄውን ማዋል የሚገባው በዚህኛው ክፍል ነው፤ የሚሻለውም መሣሪያ ነጋዴው ዘወትር የሚጠቀምበት የሒሳብ ደብተር ነው።

ቀን መቍረጥ

የመጀመሪያው ሥራ ቀን መቍረጥ ነው። ኦርቶዶክሳውያን ከኅዳር 15 ቀን እስከ ልደት በነቢያት ጾም፥ ከዚያም 55 ቀን በዐቢይ ጾም ስለሚቈዩ በእነዚህ ወራት አይደግሱም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ ጾም የሌለበት ስለ ሆነ ሁለተኛው የሠርግ ወራት ነው። ዳሩ ግን ፋሲካ ወደ ኋላ በሚዘገይበት ዓመት ይህ ጊዜ ከወለጋ ዝናም ጋር ይገጥማል። የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ስለሚውል ከእርሱ በኋላ የሚደግስ ሰው የድንኳኑን ሸራና የገጠሩን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

በወለጋ ከተሞች የመካነ ኢየሱስ ምእመናን፥ ኦርቶዶክሳውያን፥ አድቬንቲስቶች፥ ካቶሊኮችና ሙስሊሞች በአንድ ሰፈር አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ የጾም ሥርዐት የማይመለከተው ባለሠርግ እንኳ ቀን ሲቈርጥ የጎረቤቱን ጾም ይመለከታል፤ የሙስሊም እንግዶቹ ሥጋ በየራሱ እጅ እንዲታረድና በየራሱ ድስት እንዲሠራ ያደርጋል፤ መጠጥ ለማይቀምሱትም ለስላሳውን ያበዛል። ይህም ሁሉ በገበያው ዝርዝር ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

ሕጉም በዚሁ ጊዜ ይታሰባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ወንዱም ሴቲቱም 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላሉ። ጋብቻውም በወሳኝ ኩነት መዝገብ መጻፍ አለበት። ተጋቢዎቹ መታወቂያቸውንና ምስክሮቻቸውን አስቀድመው ካላዘጋጁ በሠርጉ ሰሞን በቀበሌው በር ላይ መመላለስ ይሆንባቸዋል።

አንድ ደብተር፥ አራት ዐምድ

ሥርዐት የማይሆንለት ሰው ብዙ ወረቀት አይያዝ። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቶ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አራት ዐምድ ያስምር። በመጀመሪያው ዐምድ የሚፈለገው ነገር ከነብዛቱ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ሥራውን የሚፈጽመው ሰው ስም፤ በሦስተኛው የሚፈጸምበት የመጨረሻ ቀን፤ በአራተኛው የተከፈለው ቀብድና የቀረው ገንዘብ ይጻፋል። ሁለተኛው ዐምድ ባዶ የሆነበት መስመር ካለ ያ ነገር እንደሌለ ይቈጠር፤ ባለቤት የሌለው ሥራ አይሠራምና።

ደብተሩ ከቤት እንዳይወጣ በታወቀ ቦታ ይሰቀላል። የሚጠባበቀውም ባለሠርጉ ራሱ መሆን የለበትም። በቤተሰቡ ውስጥ ነገር የማትረሳ አንዲት እኅት ወይም የትምህርት ቤት ልጅ አትጠፋም። ባለሠርጉ ማታ ማታ ያደረገውን ይነግራታል፤ እርስዋ ትጽፋለች። ዝንጉ ሰው ሥርዐተኛ ለመሆን በሦስት ወር ተፈጥሮውን ከሚለውጥ ይልቅ ሥርዐት ያለውን ሰው በደብተሩ ላይ መሾም ይቀለዋል።

ደብተሩ በወረቀት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ብዙ ስፍራዎች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ይህም የሠርጉ ወራት በሙሉ የወደቀበት ጊዜ ነው። የእንግዶቹን ስም በስልኩ ብቻ የያዘና በስልክ ብቻ ለመጥራት ያሰበ ሰው በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚይዘው ያጣል። በየሰው እጅ የተሰጠ ካርድና በእግሩ የሚሄድ መልእክተኛ ግን በማናቸውም ጊዜ ይደርሳል። መንገድም በጸጥታ ችግር ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ከሩቅ የሚመጣው ዕቃ ቀድሞ መታዘዝ፥ በአገር ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ከአቅራቢያው ገበያ መገዛት ይኖርበታል።

ወደ ኋላ መቍጠር

አስመጪ ነጋዴ ዕቃው በሱቁ የሚፈለግበትን ቀን ይዞ ወደ ኋላ ይቈጥራል፤ መርከቡ የሚወስደውን፥ ጉምሩኩ የሚወስደውን፥ የጭነት መኪናው የሚወስደውን ቀን ቀንሶ የሚያዝዝበትን ቀን ያገኛል። ሠርግም በዚሁ መንገድ ይታቀዳል። ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ ይህ አቈጣጠር ለማንም አያስቸግርም።

ለምሳሌ በቢላ የሚኖር አንድ ባለሠርግ እሑድ የካቲት 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ለመደገስ ቢቈርጥ፥ 90 ቀን ወደ ኋላ ሲቈጥር ኅዳር 7 ቀን ላይ ይደርሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚፈጸሙት ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህም የእንግዳው ብዛትና የገንዘቡ ልክ መወሰን፥ የሃይማኖት አባቶችን ፈቃድ መጠየቅ፥ ለድንኳኑ፥ ለወጥ ሠሪዋና ለመኪናው ቀብድ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ናቸው።

ከዚያም እስከ ታኅሣሥ 7 ቀን የሚቈይና የማይበላሽ ነገር ሁሉ ይገዛል። በርበሬው ፀሐይ ሳለ ተገዝቶ ይደርቃል፤ ማሩ አዲስ ሳለ ይያዛል። ቅቤ በነቢያት ጾም ወራት ፈላጊው ስለሚቀንስ በዚያን ጊዜ ተገዝቶ ቢነጠር ከልደት ማግስት ከሚገዛው የተሻለ ነው። ሰንጋውም በዚሁ ሰሞን ታይቶ ቀብድ ይሰጥበታል። የሸማኔ ሥራ የሆነው ልብስ እስከዚህ ቀን ሳይታዘዝ ከቀረ ግን በሠርጉ ሰሞን ከሌሎች ባለሠርጎች ጋር መሻማት ይመጣል።

እስከ ጥር 7 ቀን ካርዱ ይታተማል፤ ጠጁም ለመብሰል ሳምንታት ስለሚፈልግ ይጣላል። እስከ ጥር 22 ቀን ካርዱ ታድሎ ያልቃል፤ ለስላሳ መጠጡ ይታዘዛል፤ ጤፉ ይፈጫል። ከየካቲት 1 ቀን በኋላ ለሚበላሹት ነገሮች ካልሆነ በቀር ገበያ መውጣት አይገባም፤ ይኸውም ለሽንኩርት፥ ለቲማቲም፥ ለቃሪያና ለመሳሰሉት ነው። ሊጡ ከቀኑ አስቀድሞ ይቦካል፤ ድንኳኑም ዓርብ የካቲት 5 ቀን ይተከላል፤ ቅዳሜ የተተከለ ድንኳን ጉድለቱ ቢታይ የሚታረምበት ጊዜ የለውምና። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ላይ አንድ ሳምንት ቀድሞ ለመጨረስ መሞከር ደግሞ ከላይ የተነገረው የግምት ስሕተት መድኀኒት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረገው ግዢ ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚደረግ ነው።

ቍጥሩ ሁሉ ከእንግዳው ይወጣል

ብዛቱን ሳያውቅ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በከንቱ ይደክማል። በዚሁ ምሳሌ ባለሠርጉ 300 ሰው ጠርቷል ይባል። ለአንድ ሰው 2 ጠርሙስ ለስላሳ ቢታሰብ 600 ጠርሙስ ይሆናል፤ ይህም 24 ጠርሙስ በሚይዘው ሣጥን 25 ሣጥን ነው። ለአንድ ሰው 2 እንጀራ ቢታሰብ 600 ይሆናል፤ ከአሥር አንድ እጅ ሲጨመርበት 660 ነው። አንዲት ጋጋሪ በቀን 110 ብትጋግር 3 ጋጋሪዎች በ2 ቀን ይጨርሱታል ማለት ነው። እንግዶቹ በሁለት ዙር የሚስተናገዱ ከሆነ 150 ወንበር ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀመጡ ከሆነ ግን 300 ያስፈልጋል፤ የድንኳኑም ስፋት በዚያው ልክ ይለወጣል።

በአገሩ ልማድ ካርድ ያልደረሰው ጎረቤት መጣ ተብሎ በር አይዘጋበትም። ስለዚህ ካርድ የተሰጣቸው በአንድ መስመር፥ በቃል የተነገራቸው የዕድርና የማኅበር ሰዎች በሌላ መስመር፥ ከሩቅ መጥተው የሚያድሩ ዘመዶች በሦስተኛ መስመር፥ ልጆችም በአራተኛ መስመር ተለይተው ይጻፉ። ብዙዎቹ ባለሠርጎች የሚሳሳቱት በመጀመሪያው መስመር ሳይሆን በሌሎቹ ሦስት ነው። ያዳሪዎቹ ቍጥር ካልታወቀም ምንጣፍና ብርድ ልብስ ፍለጋ በሌሊት በየጎረቤቱ መዞር ይመጣል።

ስድስት ኀላፊዎች

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሠርጉ ሥራ በስድስት ቢከፈል ይበቃል። 1ኛ፥ የሃይማኖቱንና የምዝገባውን ጉዳይ የሚከታተል፤ 2ኛ፥ ምግቡን የሚመራ፤ 3ኛ፥ መጠጡን የሚመራ፤ 4ኛ፥ ድንኳኑን፥ ወንበሩን፥ መብራቱንና የድምፅ መሣሪያውን የሚቈጣጠር፤ 5ኛ፥ መኪናውንና የሃማሞታውን ጉዞ የሚያሰናዳ፤ 6ኛ፥ ገንዘቡንና የስጦታውን መዝገብ የሚይዝ ነው። እያንዳንዱ ኀላፊ ከደብተሩ ላይ የእርሱን ገጽ ገልብጦ ይወስዳል፤ ቢታመም የሚተካውም ሰው አስቀድሞ ይታወቃል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ቡና ላይ ተሰብስበው ደብተሩን ያነብባሉ፤ የተፈጸመው ይሰረዛል፤ ያልተፈጸመው ምክንያቱ ይጠየቃል።

ዕቃ ቤቱን በሚመለከት አንድ ቍልፍና አንድ ቍልፍ ያዥ ብቻ ይኑር። መጠጥ ከዕቃ ቤት ሲወጣ በሣጥን ተቈጥሮ ይጻፍ። በብዙ ሠርግ መጠጥ አለቀ የሚባለው እውነት አልቆ ሳይሆን ስንት እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው ስለ ጠፋ ነው።

ባለሠርጉ ራሱ በዕለቱ ሥራ አይያዝ። የእርሱ ተግባር በር ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል ነው። ሥርዐት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፤ ስለዚህ የሚያውቀውን እንዲሠራ የማያውቀውን ለሌላው መልቀቁ ነውር የለበትም።

የገንዘቡ ነገር

ሌከምፕቲ በሚል ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወለጋ ቡና የሚለቀመው በበጋው መጀመሪያ ስለ ሆነ የቡናው ገንዘብና የሠርጉ ወራት ይከታተላሉ። ይህ መከታተል በረከትም ፈተናም አለው። ገንዘቡ ገና ሳይገባ ድግሱን ያሰፋ ሰው ቡናውን ገና ሳይለቅም በዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ወይም በወለድ ይበደራል። አንድ ቀን የተበላው ድግስ ዕዳው እስከ ሚቀጥለው ምርት ይዘልቃል፤ ያን ዕዳ የሚከፍሉትም ብዙ ጊዜ ሙሽሮቹ ናቸው።

ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊወጣ የሚችለው የገንዘብ ልክ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከዚያም ላይ ከአሥር አንድ እጅ ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣውን ከሠርጉ ወር አስቀድሞ ለመውሰድ ከዕቁብተኞቹ ጋር ሊነጋገር ይችላል። ከእንግዳ የሚመጣው ስጦታ ግን እንደ ገቢ ተቈጥሮ በዱቤ ላይ ሊታሰብ አይገባውም። ስጦታ መልሶ የሚከፈል የጎረቤት ብድር ነው፤ የሰጠው ሰው ስም የሚመዘገበውም ነገ እርሱ ሲደግስ ብድሩን ለመመለስ ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ባለሱቅ ዝንጉ ደንበኛ በመጣበት ጊዜ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቀው ራሱንም ደንበኛውንም ይጠቅማል፤ ቀኑ መቼ ነው? እንግዳው ስንት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ለመግዛት ገና አልደረሰም፤ በዱቤ ለመውሰድማ ከቶ አልደረሰም። መልስ ላለው ሰው ግን ባለሱቁ የዋጋ ዝርዝር ጽፎ ቢሰጠው፥ ቀኑንም በራሱ መዝገብ ቢያሰፍር፥ ከአከፋፋዩ የሚያዝዘውን ሸቀጥ አስቀድሞ ያውቃል።

እንዲሁም ያልተከፈተ ሣጥን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ሊመለስ እንዲችል የሚዋዋል ነጋዴ ደንበኛው ከፍርሃት የተነሣ ከልክ በላይ እንዳያዝዝ፥ ወይም በመጨረሻው ሰዓት ወደ ሌላ ሱቅ እንዳይሮጥ ያደርገዋል። የባዶ ጠርሙስ መያዣም በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ በዚህ ጉዳይ ከሠርግ በኋላ የሚነሣው ክርክር ብዙ ነውና። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ልኩንና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ አድርጎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ድንኳን አከራይም ቀብድ የተቀበለበትን እሑድ ለሌላ ሰው ከመስጠት ይጠበቅ፤ በ4 እሑድ ገበያ ውስጥ አንድ ቀን ለሁለት ሰው የሸጠ ሰው ገንዘቡን ቢመልስ እንኳ የጠፋውን ቀን አይመልስም።

ሒሳብ መዝጋት

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ድካሙ ሰውን ያስተኛዋል፤ የዝንጉ ሰው ኪሳራ የሚጨምረውም በዚህ ሰሞን ነው። ድስቱ በየጎረቤቱ ይቀራል፤ ጠርሙሱ ይሰበራል፤ ያልተመለሰ ወንበር የቀን ኪራይ ይቈጥራል። ስለዚህ መልሱ ባለፈ በሳምንቱ ስድስቱ ኀላፊዎች እንደ ገና ተሰብስበው ዕቃውን በየባለቤቱ ይመልሱ፤ የቀረውን ገንዘብ ይክፈሉ፤ ደረሰኙን በደብተሩ ውስጥ ያጣብቁ፤ በእያንዳንዱም መስመር ጎን ምን እንደ ተረፈና ምን እንደ ጎደለ ይጻፉ።

እንዲህ ሆኖ የተዘጋ ደብተር መጣል የለበትም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰፈር ሌላ ሰው ልጁን ይድራል፤ ስንት ሣጥን እንዳለቀ፥ በርበሬው ስንት ቀን እንደ ፈጀ፥ ያልተጠሩት ስንት እንደ ነበሩ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። የዕድሩ ዕቃ ቤት ከድስቱና ከወንበሩ ጋር ይህንንም ደብተር ቢያስቀምጥ፥ የሚያስፈልገው ሁሉ ተውሶ ሊያነብበው ይችላል።